ክብደቱን መኪናው ይሸከመው፦ ለ24 ሰዓት የብስክሌት ውድድር የሚሆን ድንኳን በርካሽ እንዴት ይመረጣል?

የ24 ሰዓት የተራራ ብስክሌት ውድድር ሕጉ ቀላል ነው። ብዙውን ጊዜ ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ ይጀመራል፤ እሁድ እኩለ ቀን ላይ ያበቃል፤ በዚህ መሃል ብዙ ዙር የዞረ ያሸንፋል። ብቻውን የሚገባ አለ፤ አብዛኛው ግን በቡድን ሆኖ እንደ ዱላ ቅብብል እየተፈራረቀ ይነዳል። በአሜሪካ ይህን ዓይነት ውድድር ካስለመዱት ቀዳሚው እ.ኤ.አ. በ1992 በዌስት ቨርጂኒያ የተጀመረው የካናን ውድድር ነው። ዛሬ ስማቸው ከሚነሳው አንዱ ደግሞ በየዓመቱ በፌብሩዋሪ አጋማሽ፣ ከአሪዞናዋ ቱሳን ከተማ በስተሰሜን ባለው በረሃ የሚካሄደው የኦልድ ፑብሎ ውድድር ነው። ቁልቋልና ቁጥቋጦ ብቻ የሚታይበት መሬት ለዚያ ሰሞን የድንኳንና የመኪና ከተማ ይሆናል።

አሁን ስሌት እንሥራ። አራት ሰው ያለበት ቡድን አንዱን ዙር በአንድ ሰዓት ከሩብ ይጨርሳል እንበል። አንድ ተወዳዳሪ ከብስክሌቱ ወርዶ ተራው ተመልሶ እስኪደርሰው 3 ሰዓት ከ45 ደቂቃ አለው። ከዚህ ላይ ልብስ መቀየሩ፣ መብላቱ፣ ሰንሰለት ጠርጎ ዘይት መቀባቱ፣ የመብራቱን ባትሪ ቻርጅ ላይ መሰካቱ፣ ቀደም ብሎ ወደ መቀባበያው መሄዱ ይቀነሳል። ለእንቅልፍ የሚተርፈው ቢበዛ ሁለት ሰዓት ነው። ድንኳኑ የሚለካው ለዚያች ሁለት ሰዓት በሚሰጠው ጥቅም ነው፦ ቶሎ ገብቶ፣ ሳይረጥብና ሳይበርድ፣ በጨለማ ማስተኛት። ይህን የሚያደርግ ድንኳን ውድ መሆን የለበትም። ለምን እንደሆነ ለማየት ግን ገንዘቡ ምን ላይ እንደሚወጣ ማወቅ ይጠቅማል።

ውዱ ነገር ቅለት ነው

የካምፒንግ ዕቃ መሸጫ ሲገቡ ሁለት ድንኳኖች ጎን ለጎን ያያሉ። ሁለቱም «የሁለት ሰው» ተብለዋል፤ አንዱ በአንድ መቶ ዶላር ግድም ይሸጣል፣ ሌላው አምስት መቶ ይጠየቅበታል። ልዩነቱ ዝናብ መከላከል የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ከልዩነቱ ትልቁ እጅ ግን ክብደት ነው። ውዱ በጣም ከሳሳ ናይለንና ከቀጭን የአልሙኒየም ምሰሶ የተሠራ በመሆኑ ሁሉ ነገሩ ተደምሮ ከአንድ ኪሎ ተኩል ላይበልጥ ይችላል። ርካሹ ወፈር ካለ ፖሊስተርና ከፋይበርግላስ ምሰሶ ስለተሠራ ከዚያ በብዙ ይከብዳል።

ይህ ልዩነት ዋጋ የሚያወጣበት ውድድር አለ። ከካናዳዋ ባንፍ ተነስቶ እስከ ሜክሲኮ ድንበር አንቴሎፕ ዌልስ ድረስ 4,400 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚዘልቀው ቱር ዲቫይድ ተወዳዳሪው ማደሪያውን ከብስክሌቱ ጋር አስሮ ዳገቱን ሁሉ ይወጣል። እዚያ እያንዳንዱ መቶ ግራም በጉልበት ይከፈላል። የቅዳሜና እሁዱ ውድድር ግን ቦታው ላይ ይዞራል። ድንኳኑ ከመኪናው የዕቃ መጫኛ ወጥቶ ጥቂት እርምጃ ተጉዞ ይተከላል፤ በቃ። መኪና ለሚሸከመው ነገር የቅለት ዋጋ መክፈል ገንዘብን ማባከን ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ቁጠባ እዚህ ነው፦ ከባዱን ይግዙ። ለቅለት ሊወጣ የነበረው ገንዘብ ወደ ስፋት፣ ወደ ችካልና ወደ ፍራሽ ይዙር።

«የሁለት ሰው» ማለት ስንት ነው?

አምራቾች የሰው ቁጥር የሚያወጡት ፍራሽ ከፍራሽ አጠጋግተው ነው፤ ለአንድ ሰው የሚታሰበው ስፋት 60 ሴንቲ ሜትር ግድም ብቻ ነው። የራስ ቁር፣ የጭቃ ልብስ፣ የምግብ ሳጥንና የመለዋወጫ ጎማ በዚያ ሒሳብ ውስጥ የሉም። ለውድድር ቅዳሜና እሁድ የሚሠራው ደንብ የሚተኛውን ሰው ቁጥር በሁለት ማብዛት ነው፦ ለሁለት ሰው የአራት፣ ለሦስት ሰው የስድስት ሰው ድንኳን። በርካሾቹ ድንኳኖች ዘንድ ከሁለት ሰው ወደ አራት ሰው ሲያልፉ የሚጨመረው ዋጋ አብዛኛውን ጊዜ ትንሽ ነው።

ከስፋት ቀጥሎ በረንዳውን ይዩ። በረንዳ የምለው የላይኛው ሽፋን ከመኝታው ፊት ለፊት ወጣ ብሎ የሚሸፍነውን፣ ወለል የሌለውን ቦታ ነው። ከዝናብ የመጣ ብስክሌተኛ ጫማውንና እርጥብ ልብሱን እዚያ ካላወለቀ ጭቃው በቀጥታ ወደ መኝታው ይገባል፤ ሌሊቱን ሙሉ የሚፈራረቁ ሰዎች ባሉበት ደግሞ ይህ አንድ ጊዜ የሚሆን ነገር አይደለም። ብስክሌቱም ቢሆን በረንዳ ውስጥ ቢያድር ከሌባም ከጤዛም ይርቃል። በረንዳ የሌለው ድንኳን በጣም ረክሶ ከተገኘ ከፊቱ ሸራ ወጥሮ መተካት ይቻላል፤ ግን ሸራውም፣ ምሰሶውም፣ ገመዱም ዋጋው ላይ ይደመር።

ቁመት የምርጫ ጉዳይ ነው። ቆሞ ሱሪ መቀየር ለደከመ ወገብ ትልቅ ነገር ነው፤ ግን ቁመት ነፋስ ይጠራል። ሜዳው ዛፍ የከበበው ከሆነ ረጅሙን፣ ገላጣ ከሆነ አጭሩን ይምረጡ።

ከላይ የሚመጣው ውኃ

በብዙ ድንኳኖች ከረጢት ላይ 1,500፣ 2,000 ወይም 3,000 ሚሊ ሜትር የሚል ጽሑፍ ይገኛል። ቁጥሩ የሚለካው እንዲህ ነው፦ በጨርቁ ላይ የውኃ ግፊት እየጨመሩ ይሄዱና ጨርቁ ማንጠባጠብ ሲጀምር ግፊቱ ከስንት ሚሊ ሜትር የውኃ ቁመት ጋር እንደሚስተካከል ያያሉ። 1,500 ማለት አንድ ሜትር ተኩል የቆመ ውኃ እስኪጫነው ድረስ አላሳለፈም ማለት ነው። ለጣሪያ ይህ ለተለመደ ዝናብ ይበቃል፤ ነፋስ ለሚገፋው ዝናብ 2,000 እና ከዚያ በላይ ቢሆን ይሻላል።

ወለሉ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ እርጥብ መሬት ላይ ሰው ይጫነዋል። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው ቢቀመጥና ክብደቱ በ1,000 ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ ቢዘረጋ በአንዱ ካሬ ሴንቲ ሜትር የሚያርፈው 70 ግራም ነው፤ ይህ ከ700 ሚሊ ሜትር የውኃ ቁመት ጋር እኩል ነው። ያው ሰው ቢንበረከክና ግማሹ ክብደቱ 70 ካሬ ሴንቲ ሜትር በምታህል አንዲት ጉልበት ላይ ቢወድቅ ግን ግፊቱ 5,000 ሚሊ ሜትር ይደርሳል። ለዚህ ነው ጥሩ ድንኳኖች ለወለላቸው 3,000 ወይም 5,000 የሚጽፉት። ርካሹ ድንኳንዎ ያን ካልያዘ መፍትሔው ቀላል ነው፤ ከወለሉ በታች ወፍራም ላስቲክ ያንጥፉ። ላስቲኩ ከድንኳኑ ጠርዝ እንዳያልፍ ግን ይጠንቀቁ፤ ካለፈ ዝናቡን ተቀብሎ ወደ ሥርዎ ያመጣዋል።

ቁጥሩ ካልተጻፈ፣ በአሜሪካ ርካሽ ድንኳኖች ላይ ብዙ ጊዜ አይጻፍም፣ ዓይንዎ ሦስት ነገር ይፈልግ። አንደኛ፣ ስፌቱ ከውስጥ በኩል በቴፕ ተሸፍኗል ወይ? መርፌ የሄደበት ሁሉ ቀዳዳ ነው፤ ጨርቁ 5,000 ቢሆንም ውኃ የሚገባው በስፌቱ ነው። ሁለተኛ፣ የላይኛው ሽፋን እስከ መሬት ይወርዳል ወይስ እንደ ባርኔጣ አናቱ ላይ ብቻ ይቀራል? ባርኔጣው ዝናብ ቀጥ ብሎ ሲወርድ ይበቃል፤ ነፋስ ያለበት ዝናብ ግን በጎን ይገባል። ሦስተኛ፣ ወለሉ ጠርዙ ላይ ወደ ላይ ታጥፎ እንደ ሳፋ የተሠራ ነው? ከሆነ በመሬት የሚፈስሰውን ጎርፍ ያግዳል።

የድሮውን የእድር ድንኳን የሚያስታውስ አንባቢ፣ ያ ሸራ ቴፕ ሳይለጠፍበት ክረምቱን እንዴት ቻለው ይል ይሆናል። የጥጥ ክር ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፤ ሲያብጥ በክሮቹ መካከል ያለው ክፍተት ይዘጋል። ፖሊስተርና ናይለን ይህ ጠባይ የላቸውም፤ ውኃን የሚመልሰው በላያቸው የተቀባው ስስ ሽፋን ነው። ያ ሽፋን ከተበላሸ ጨርቁ ብቻውን ወንፊት ነው። ይህን ያስቡበት፤ መጨረሻ ላይ እንመለስበታለን።

ከውስጥ የሚመጣው ውኃ

ጠዋት የድንኳኑ ውስጥ ረጥቦ ያገኘ ሰው መጀመሪያ የሚለው «ያፈሳል» ነው። ዝናብ ካልነበረ ግን ውኃው የራሱ የተኚው ነው። የተኛ ሰው በአተነፋፈሱና በቆዳው በአንድ ሌሊት አንድ ብርጭቆ የሚሞላ ውኃ በእንፋሎት መልክ ያወጣል፤ ላቡ ያልደረቀ ብስክሌተኛና እርጥብ ልብስ ሲጨመርበት ከዚያ ይበልጣል። ሰማዩ ጥርት ባለበት ሌሊት የድንኳኑ ጣሪያ ሙቀቱን ወደ ሰማይ እየለቀቀ ከአካባቢው አየር ይበልጥ ይቀዘቅዛል። እንፋሎቱ የቀዘቀዘውን ጣሪያ ሲነካ ምጣድ ላይ የተደፋ አክንባሎ እንደሚያደርገው ወደ ጠብታ ይለወጣል።

ለዚህ ነው ሁለት ሽፋን ያለው ድንኳን የሚመረጠው። የውስጠኛው ግድግዳ እንደ አጎበር ቀዳዳ ያለው ጨርቅ ስለሆነ እንፋሎቱን ያሳልፋል፤ እንፋሎቱ በውጭኛው ሽፋን ላይ ውኃ ሆኖ በጎኑ ወደ መሬት ይወርዳል፤ ተኚውን አይነካም። አንድ ሽፋን ብቻ ያለው ርካሽ ድንኳን ግን ጠብታውን ፊትዎ ላይ ያወርደዋል። ሁለት ሽፋን ኖሮትም አየር ካልተዘዋወረ ጥቅሙ ይቀንሳል፤ ሞቃቱ አየር ወደ ላይ ስለሚሄድ ከታችም ከላይም የሚከፈት ቀዳዳ ያስፈልጋል። ይበርደኛል ብሎ ሁሉንም ዚፕ መዝጋት ልብስን ያረጥባል፤ የረጠበ ልብስ ደግሞ ይብሱን ያበርዳል። እርጥብ ልብስ ቦታው በረንዳ ወይም መኪና ውስጥ ነው።

ነፋስ፦ እጥፍ ሲሆን አራት እጥፍ

የነፋስ ኃይል ከፍጥነቱ ጋር እኩል አይጨምርም። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ኃይሉ አራት እጥፍ ይሆናል። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ 3 ካሬ ሜትር የሆነ የድንኳን ጎን ላይ በ12 ኪሎ ግድም ክብደት ልክ ይገፋል፤ 60 ሲደርስ ግፊቱ ወደ 50 ኪሎ ይጠጋል። ከሰዓት በኋላ ደህና የነበረው ድንኳን ሌሊት የሚወድቀው በዚህ ምክንያት ነው።

ርካሽ ድንኳን ደካማ ጎኑ እዚህ ላይ ይታያል። የፋይበርግላስ ምሰሶ ከአልሙኒየም ይከብዳል፤ ሲሰበርም ተሰንጥቆ ስለታም ስንጥር ይሆንና ጨርቁን ይቀድዳል። አልሙኒየም ግን አብዛኛውን ጊዜ ይጎብጥና በእጅ ቀና ይደረጋል። ልዩነቱ ጥቂት ዶላር ከሆነ ይክፈሉት፤ ትልቅ ከሆነ በፋይበርግላሱ ይቀጥሉና ለተሰበረ ምሰሶ እንደ እጅጌ የሚገባ አጭር የብረት ቱቦና ጠንካራ ቴፕ ከመኪናው አይጥፋ።

ከምሰሶው በፊት መለወጥ ያለበት ግን ችካሉ ነው። ከርካሽ ድንኳን ጋር የሚመጣው ቀጭን ሽቦ ድንጋያማ መሬት ላይ ይጎብጣል፤ ለስላሳ መሬት ላይ ይነቀላል። ጠጠር ለበዛበት የአሪዞና ዓይነት መሬት ወፍራም የብረት ሚስማር መሰል ችካልና መዶሻ፣ ለሣርና ለጭቃ ደግሞ ገጹ ሰፋ ያለ ችካል ይግዙ። ሲመቱት አናቱ ከድንኳኑ ወደ ውጭ ዘንበል ይበል፤ ገመዱ ሲስበው መሬቱን ይይዛል እንጂ አይወጣም። ችካል ጨርሶ ካልገባ አሸዋ ወይም ድንጋይ የሞላ ከረጢት ገመዱን ይይዛል። ይህ እንዲሠራ ድንኳኑ ያለ ችካል በራሱ ምሰሶ የሚቆም ዓይነት ቢሆን ይመረጣል፤ ሁለት ምሰሶ አናቱ ላይ የሚጠላለፉበት ክብ ድንኳን እንዲህ ነው። እንደ ዋሻ ረዘም ያለው ድንኳን ስፋት ይሰጣል፤ ካልተወጠረ ግን አይቆምም።

የውጥር ገመዶቹ ለጌጥ አልተሰፉም። ሰማዩ ጥርት ብሎም ቢሆን ሁሉም ከመጀመሪያው ቀን ይወጠሩ፤ ሌሊት ነፋስ ሲነሳ ቡድኑ ውስጥ ገመድ የሚስብ ጉልበት ያለው ሰው አይኖርም። ዝቅተኛውንና ጠባቡን ጎን ነፋሱ ወደሚመጣበት ያዙሩ። ሰው በጨለማ በገመዱ እንዳይጠለፍ ነጭ ጨርቅ ይሰሩበት።

በቀን ለመተኛት

በውድድር ሰሞን እንቅልፍ ሰዓት አይመርጥም። በስኮትላንድ ሰሜናዊ ደጋ በጃንዋሪ የሚካሄደው ስትራትፓፈር ከ24 ሰዓቱ 17ቱ ጨለማ ነው፤ እዚያ እንቅልፍ የሚከለክል ብርሃን የለም። በእንግሊዝ በጁን በሚደረግ ውድድር ግን ንጋቱ 11 ሰዓት ሳይሞላ ፀሐይ ትወጣለች። ለዚህ ተብለው የሚሠሩ ጨለማ ድንኳኖች አሉ፤ የፈረንሳዩ ዴካትሎን ፍሬሽ ኤንድ ብላክ እያለ የሚሸጣቸው ከውጭ ነጭ፣ ከውስጥ ጥቁር ሽፋን አላቸው። ነጩ ሙቀቱን ይመልሳል፤ ጥቁሩ ብርሃኑን ያግዳል። ዋጋቸው ከተራው ትንሽ ከፍ ይላል። በበጋ ለሚወዳደር ቡድን ጭማሪው ተገቢ ነው፤ በክረምት ለሚወዳደር ግን የዓይን መሸፈኛ ይበቃዋል። የጆሮ መድፈኛ ለሁሉም ያስፈልጋል፦ ጀነሬተሩም፣ ድምፅ ማጉያውም፣ የጎረቤት ቡድን ጩኸትም ሌሊቱን አያቋርጥም። ቦታ ሲመርጡም ከመቀባበያው በጣም አይቅረቡ፤ ጥቂት ደቂቃ የእግር መንገድ ጸጥታ ይገዛልና።

የቀረው ገንዘብ ወደ ሥር ይሂድ

ድንኳን አያሞቅም፤ ነፋስና ዝናብ ይከለክላል እንጂ። በቀዝቃዛ ሌሊት ሙቀትን የሚሰርቀው ከሥር ያለው መሬት ነው፤ በክብደትዎ የተጨፈለቀው ስሊፒንግ ባግ ከሥር በኩል አየር ስለማይዝ ብዙም አይከላከልም። በአየር የሚነፋ ተራ ፍራሽም ውስጡ ያለው አየር እየዞረ ሙቀቱን ወደ መሬት ያደርሰዋል። የፍራሽ ሙቀት የመያዝ አቅም «አር ቫልዩ» በሚባል ቁጥር ይለካል፤ ለበጋ 2 ይበቃል፣ ውርጭ ላለበት ሌሊት 4 እና ከዚያ በላይ ይፈለጋል። ቁጥሮቹ ይደመራሉ። ስለዚህ 2 በሆነ ርካሽ ስፖንጅ ላይ 2 የሆነ ፍራሽ ቢደርቡ 4 ያገኛሉ። ቱሳን በረሃ ነው ብሎ ችላ ማለት አይገባም፤ በፌብሩዋሪ የበረሃ ሌሊት ውርጭ ሊወርድበት ይችላል።

ሁለት መቶ ዶላር ያለው ቡድን ከዚህ ውስጥ አንድ መቶ ሃያውን ለድንኳኑ፣ ሃያውን ለችካልና ለገመድ፣ ስልሳውን ለፍራሽ ቢያደርግ፣ ሁለት መቶውን በሙሉ ድንኳን ላይ ካዋለው ቡድን ይሻለዋል። ያገለገለ ድንኳን ደግሞ ከሁሉም ይረክሳል። ሲገዙ ግን ዘርግተው ይዩት፦ ዚፖቹን ሁሉ ይክፈቱ፣ ይዝጉ፤ ምሰሶዎቹ የተሰነጠቁ እንዳይሆኑ በጓንት ይዳስሱ፤ የስፌቱ ቴፕ እየተላጠ እንዳይሆን ያረጋግጡ። ጨርቁ ጣት ላይ የሚጣበቅ ወይም መጥፎ ሽታ ያለው ከሆነ ይተዉት።

አንድ ነገር ላይ ግን ቁጠባ የለም። ከሰልም ይሁን የጋዝ ምድጃ ድንኳን ውስጥ አይገባም፤ በረንዳውም ውስጥ ቢሆን። ሽታ የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ የደከመና የተኛ ሰው ሳያውቀው ይገድላል፤ ፖሊስተርም በቶሎ ይቀጣጠላል። ቡናው ውጭ ይፈላ፤ ጀነሬተሩም ከድንኳኖቹ ርቆ፣ ነፋሱ ጭሱን ወደ ውጭ በሚወስድበት በኩል ይቁም።

ድንኳኑ የሚሞተው ቤት ውስጥ ነው

ርካሽ ድንኳን ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ሜዳ ላይ ሳይሆን ቁም ሳጥን ውስጥ ነው። በጨርቁ ላይ የተቀባው ሽፋን ፖሊዩሪቴን ይባላል፤ ከእርጥበትና ከሙቀት ጋር ለወራት ከተዘጋበት ውኃው ራሱ ኬሚካሉን ይበጣጥሰዋል። ያን ጊዜ ነው የሚጣበቀውና የሚሸተው፤ ከዚያ በኋላ አይድንም። እሁድ ከሰዓት በኋላ ቡድኑ ደክሞ፣ ድንኳኑ በጤዛ ረጥቦ፣ መንገዱ ረጅም ሆኖ ሳለ ሁሉም እንደ ምንም ጠቅልሎ ይጭነዋል። ችግር የለውም፤ ግን ቤት ሲደርሱ ያ ጥቅል በዚያው ሌሊት ወይም በማግስቱ ይፈታ፤ በቤቱ በረንዳ ላይ፣ ጋራዥ ውስጥ ወይም በበርና በወንበር ላይ ተዘርግቶ ስፌቱ ሳይቀር እስኪደርቅ ይቆይ። ጭቃውም በለብ ያለ ውኃና በስፖንጅ ይጠረግ፤ የልብስ ማጠቢያ ማሽንና ጠንካራ ሳሙና ሽፋኑን ይልጡታል። ፀሐይም ጨርቁን ስለምታሳሳ ከደረቀ በኋላ ውጭ አይክረም።

ከመጀመሪያው ውድድር በፊትም የቤትዎ ግቢ ወይም የሰፈር መናፈሻ ይጠቅማል። አንድ ቅዳሜ ተክለውት በውኃ ቱቦ ይርጩት፤ የጎደለ ችካል ወይም የሚያፈስ ስፌት ካለ ሱቁ ሳይርቅ፣ የመመለሻው ጊዜ ሳያልፍ ይገኛል። የሚያፈስ ስፌት ላይ ለዚሁ የሚሸጠውን ማሸጊያ በብሩሽ ቀብተው ማድረቅ የአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ነው። የመቶ ዶላር ድንኳን በዚህ ዓይነት ቢያዝ ብዙ የውድድር ዘመን ያገለግላል፤ አምስት መቶ ዶላሩ ግን እርጥቡን ተጠቅልሎ ከተቀመጠ አንድ ክረምት ብቻ ይበቃዋል።